የመቂው ነጭ ቅርንጫፍ

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ልብስ አጠብኩ። የፈተና ወረቀት ገና ግማሹ አልታረመም። ከሰዓት ወንድሜ ደገፋ ከመቂ ፎቶ ላከ፤ ከቲማቲም ማሳው አንድ ተክል። አንዱ ቅርንጫፍ ነጭ! እንደ ወረቀት ነጭ። ከሥሩ ያሉት ቅጠሎች ግማሽ አረንጓዴ፣ ግማሽ ነጭ። «እቴ፣ ይሄ ምንድን ነው? ሰው ሁሉ በሽታ ነው እያለኝ ነው» ይላል።

ስንት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አላየሁም።

ጥቅምት 10፣ እሁድ

ሞጆ ላይ መኪና ቀይሬ መቂ ደረስኩ። የማሳ ጎረቤቱ ኦቦ ጆቴ ቀድመውኝ ቆመዋል። አምና ነጭ ዝንብ ያመጣው ቫይረስ ቲማቲማቸውን አኮማትሮ ጨርሶባቸዋል። ፍርሃታቸው ከዚያ ነው። ደገፋ መስመሩን በሙሉ ነቅሎ ካላቃጠለ እሳቸው ከሚቆጣጠሩት የጋራ ፓምፕ ውሃ አያገኝም ብለዋል። ማሳው አበባ ይዟል... ያለ ውሃ ስንት ቀን ይቆያል?

ቅጠሉን ገለባበጥኩ። አልተኮማተረም። ነጩና አረንጓዴው የተለዩበት ድንበር በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። አጠገቡ ያሉት ሁሉ ደህና። በሽታ እንዲህ አንድ ቅርንጫፍ መርጦ ይቀመጣል? አይመስለኝም። ግን እርግጠኛ ነኝ?

ትንሽ እንዲታገሱኝ ለመንኳቸው። በሽታ ባይሆንስ አልኳቸው።

«ቢሆንስ ልጄ? አንቺ ወደ አዳማ ትመለሻለሽ። የሚጠፋው የእኔ ማሳ ነው።»

እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ ተስማማን፤ ተክሉ በስስ ሻሽ ይሸፈን፣ ዝንብ እንዳይገባ እንዳይወጣ። ወሩ እስኪያልቅ አንድ ሌላ ተክል ከታመመ ራሴ እነቅላለሁ።

ጥቅምት 13

ቆርጬ ያመጣሁትን ግማሽ ነጭ ቅጠል ውሃ ውስጥ አድርጌ መስኮት ላይ ፀሐይ አስመትቼው ነበር። የኬሚስትሪ መምህሯ ፋዲላ ቤተ ሙከራውን ከፈተችልኝ። በአልኮል ቀቀልነው፣ አዮዲን አንጠባጠብንበት። አረንጓዴ የነበረው ወገን ጠቆረ፤ ስታርች አለው። ነጩ ምንም። ክሎሮፕላስቶቹ አረንጓዴያቸውን አጥተዋል፣ ከፀሐይ ምግብ መሥራት አይችሉም ማለት ነው። ታዲያ ያ ቅርንጫፍ እንዴት ኖረ? ከታች ያሉት አረንጓዴ ቅጠሎች ስኳር እየላኩለት ነዋ...

ፋዲላ ይሄ በሽታ አለመሆኑን ያሳያል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አያሳይም። ሌላ ጥያቄ ነው የመለሰልኝ።

ጥቅምት 21

ደገፋ ደወለ። ከነጩ አጠገብ ያለው ተክል ቢጫ ሆኗል። ኦቦ ጆቴ አይተውታል።

እንቅልፍ የለም ዛሬ።

ጥቅምት 23

መቂ። ልነቅል ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። መጀመሪያ ሥሩን እንየው አልኩና ቆፈርን። በስብሷል። ኦቦ ጆቴ አንስተው አሸተቱት። «ይሄ ውሃ ተኝቶበት ነው» አሉ። ዝም ቢሉ ማን ይጠይቃቸው ነበር? ራሳቸው ተናገሩ። አከበርኳቸው።

ኅዳር 1

ሌላ የታመመ የለም። ፓምፑ አልተዘጋም። ሻሹን ገፈፍኩት።

ግን ማወቅ ፈለግሁ። ነጭነቱ የሚወረሰው ከእናት ነው ከአባት? ከአንድ ጤነኛ ተክል አበባ ላይ ወንዴውን ክፍል ሳይፈነዳ ለቀምኩና የነጩን ቅርንጫፍ የአበባ ብናኝ ነካሁበት። ደገፋ ለምልክት ክር አሰረበት። የነጩን አበቦች ደግሞ በራሳቸው ብናኝ እንዲያፈሩ ተውናቸው።

ጥር 3

ሁለቱንም ዘር ደገፋ ግቢ በየሳጥኑ ዘራን። የነጩ ፍሬዎች ትንንሽ ነበሩ።

ጥር 12

በቀሉ! ከነጩ ቅርንጫፍ ፍሬ የበቀሉት በሙሉ ነጭ። ነጩ አባት የሆነላቸው ሁሉም አረንጓዴ። ክሎሮፕላስት ከእናት ነው የመጣው... አንብቤዋለሁ፣ አስተምሬዋለሁም። በዓይን ማየት ሌላ ነው።

ጥር 19

ደገፋ ነጮቹን ስኳር ውሃ እያጠጣቸው ነው። ማንም ሳይነግረው። በስልክ ሲነግረኝ አፍሮ ነበር። አልሳቅሁበትም። የጎደላቸውን እኮ አውቆታል... ግን ሥሮቻቸው ስኳሩን በዚያ መንገድ አይቀበሉም።

የካቲት 2

ነጮቹ አለቁ። በዘሩ ውስጥ የነበረው ስንቅ እስኪያልቅ ቆሙ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ተኙ። ደገፋ ሳጥኑን ሊደፋ አልፈለገም።

ኦቦ ጆቴ መጡ። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። አፈሩ ጥሩ፣ ውሃውም አልተጓደለም፣ ታዲያ ለምን ሞቱ ብለው ጠየቁኝ። አፈርና ውሃ ብቻ ምግብ እንደማይሆን፣ ምግቡን የሚሠራው አረንጓዴው ቅጠል በፀሐይ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ይሄን ሁሉ ዘመን የምመግበው እኔ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ልንለያይ ስንል ከአረንጓዴዎቹ ችግኞች ጥቂት ለማሳቸው ጠየቁ። የችግኞቹ አባት ያ ተክል እንደሆነ አስታወስኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ። ችግኞቹን ከነአፈራቸው በባርኔጣቸው ይዘው ሄዱ።