ከሙሽራዋ ሳሪ የተመዘዘው ክር

ውድ እህቴ አሌያማ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ጉልበትሽስ? የኩዌት ሙቀት ዘንድሮ ቀድሞ ገባ ሲሉ ሰማሁ፤ አምና ያስጨነቀሽ ሳል ተመልሶ አልመጣብሽም? የምታስታምሚያቸው አሮጊት እመቤትሽ እንቅልፍ ያስተኙሻል? እህልስ ይበላልሻል? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። ባለቤቴ አቻማ ከወገቧ በቀር ደኅና ናት። ልጅሽ ሜሪን ደኅና ናት። እኔም ደኅና ነኝ፤ ደኅና ነኝ ማለት የሚገባኝ መሆኑን ግን ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ አንቺው ፍረጂ።

በስልክ ድምፄ ቀጥኖብሽ "ጋሼ፣ አሞሃል እንዴ?" ብለሽ ስትጠይቂኝ ጉንፋን ነው አልኩሽ። ጉንፋን አልነበረም። ስልክ ስይዝ እንደምጮህ ታውቂያለሽ፤ ይህ ደግሞ እየጮሁ የሚነገር ነገር አይደለም። የጎረቤታችን የአውሴፕ ልጅ ዕረፍቱን ጨርሶ ሰኞ ወደ እናንተ ስለሚመለስ ይህን ደብዳቤ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ።

የጎማ ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈዋል፤ ወተታቸውን መቅዳት ለጊዜው አቁመናል። ቁንዶ በርበሬው ተለቅሞ ግቢው ላይ ተሰጥቷል፤ አቻማ በዶሮዎቹ ላይ ስትጮህ ትውላለች። የሚቀጥለው ወሬ ግን እንደዚህ ቀላል አይደለም።

የሜሪን እጮኛ የሲጆ እናት ወይዘሮ ታንካማ ከሁለት እህቶቻቸው ጋር ማንትራኮዲውን፣ በጋብቻው ዕለት ሲጆ በቄሱ ፊት ሜሪንን ከራሷ ላይ የሚያለብሳትን ሳሪ፣ ሊያሳዩን መጡ። ሲጆም አብሯቸው ነበር። የገዙት ኮታያም ከተማ ከሜሪን ጋር ሄደው ነው። እኔ በዚያን ቀን አቻማን ሐኪም ዘንድ ወስጃት ስለነበር አልነበርኩበትም፤ አለመኖሬም ከንክኖኛል። በዚህ ቤት ዓሣ እንኳ ስንጥቡን ገልጬ ሳላይ አይገባም።

ሳሪው ሲዘረጋ ያማረ ነበር። ሮዝ ነው፤ ጥለቱ ወርቃማ ነው። ሴቶቹ "እሰይ! እሰይ!" አሉ። የሜሪን ፊት በርቶ ነበር። እኔ ጫፉን ይዤ በጣቶቼ አሸት አሸት አደረግሁት። ሐር እጅ ላይ ይሞቃል፤ ይኼ አልሞቀም። ዝም ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። ነገር ግን ከጋዜጣ አንብቤ የተማርኳትን ላሳይ ብዬ ከጠርዙ አንዲት ክር መዘዝኩና ክብሪት ጫርኩ። እውነተኛ ሐር ሲነድ ጠጉር ጠጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ይደቃል። ይኼኛው ተኮማትሮ ጠቁሮ ጠጠር ሆነ፤ ሽታውም የተቃጠለ ፌስታል ነው። "ሐር አይደለም፤ ግማሹ ፕላስቲክ ነው" አልኩ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ድምፄን እንኳ ሳልቀንስ።

አሌያማ፣ ሲጆ አንገቷ ላይ የሚያስርላት ትንሿ የጋብቻ ወርቅ የምትንጠለጠልበት ክር ከዚያው ሳሪ ነው የሚመዘዘው። የአንቺም የተመዘዘው ከማንትራኮዲሽ ነበር። ይህን እያወቅሁ፣ የቤታቸው ሴቶች ለማሰሪያው የሚገመዱትን ሰባት ክሮች ሳይመዙ፣ የመጀመሪያውን እኔ መዝዤ በእሳት ለኮስኩት። አንቺ ብትኖሪ እጄን ትይዢው ነበር።

ከሲጆ አክስቶች አንደኛዋ አማተቡ። ሲጆ ጎንበስ ብሎ የክብሪቱን እንጨት ከወለሉ አነሣና በእጁ ጨብጦ ቆመ። ወይዘሮ ታንካማ ሳሪውን ቀስ ብለው አጣጥፈው ወደ ካርቶኑ መለሱትና ተነሡ። አቻማ የቀቀለችው ካሳቫና የዓሣው ወጥ እንደ ቀረበ ቀረ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው፣ "ጋሽ ኩሩቪላ፣ የልጄንም ጠጉር ነቅለው ያቃጥሉት። እሱ እንኳ ሐር ሐር ይሸታል" አሉኝ።

መልስ ነበረኝ። ሁልጊዜ መልስ አለኝ። "እኔ አይቼ ነው የምቀበለው፤ ጥፋቱ የሻጩ ነው፣ የዓይኔ አይደለም" አልኳቸው። ሳይሰናበቱን ሄዱ። አቻማ ሳህኖቹን እያነሣች፣ "ሰው ሲያረጅ ጥርሱ ያልቃል፤ አንተ ሰውዬ ግን ምላስህ ይበቅላል" አለችኝ።

ሜሪን አላለቀሰችም። እራት ላይ ቀና ብላ፣ "አባባ፣ ሐር አለመሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ሻጩ ራሱ ነግሮናል" አለች። "ንጹሕ ሐሩንም ዘርግተውልኝ ነበር። እማማ ታንካማ 'የወደድሽውን ውሰጂ፣ ልጄ' እያሉ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር። የሲጆ አባት ኩላሊት የሚታጠብበት ገንዘብ በምን መከራ እንደሚመጣ አላውቅም? ስለዚህ ይኼ ነው የወደድኩት፣ ቀለል ይላል አልኩ። ስለው ስለው ደግሞ የእውነት ወደድኩት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"መቼ ጠየቁኝ? እርስዎ ይፈትሻሉ እንጂ አይጠይቁም" ብላ ሳህኗን አንሥታ ሄደች።

ያኔም እንኳ አልተበገርኩም። እውነት እውነት ነው፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው እያልኩ ሰነበትኩ። እሁድ ግን በቅዳሴው ማብቂያ ላይ ቄሱ ከሠርጋቸው በፊት ምእመኑ እንዲያውቃቸው የሚጋቡትን ሰዎች ስም ሲጠሩ የሜሪንና የሲጆ ስም ሳይጠራ ቀረ። ወይዘሮ ታንካማ "ለጊዜው ይቆይልኝ" ብለው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ከወንዶቹ ወገን ተቀምጬ የሰዉ ዓይን ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ከሴቶቹ በኩል ሜሪን ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። ባሕር ማዶ ሆነሽ አደራ ያልሽኝ ልጅ፣ በአገር ፊት ትጠራለች ሲባል ሳትጠራ ቀረች። በሐር ዕውቀቴ ያፈርኩት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጃንጥላዬን ይዤ ወንዙን ተሻገርኩ። ወይዘሮ ታንካማ ለፍየሎቻቸው ቅጠል ሲቆርጡ ደረስኩ። ቀና ብለው አዩኝና፣ "ክብሪት ይዘው መጡ?" አሉኝ።

"አልያዝኩም" አልኩ።

"እንግዲያው ይቀመጡ።"

ውሃ እንኳ አላሉኝም። ከውስጥ የባለቤታቸው ሳል ይሰማል። ይቅርታ ጠይቆ የማያውቅ ሽማግሌ ሊጠይቅ ሲሞክር ሰይጣንንም ያሳዝናል። ስለ ሙቀቱ አወራሁ። ስለ ጎማ አወራሁ። ስለ ፍየሎቹ ጠየቅሁ። እሳቸው ቅጠላቸውን ይቆርጣሉ። በመጨረሻ "ወይዘሮ ታንካማ፣ በደልኩ" አልኩ።

"ማንን?" አሉኝ።

"እርስዎን።"

"እኔንማ ችግር ከእርስዎ በፊት ፈትኖኛል፤ ለምጄዋለሁ" አሉ። "እሳቱ የነካው የዚያችን ልጅ ልብ ነው። ላሜን ሸጬ ሐሩን እገዛልሽ ብያት ነበር፤ እሷ ናት እንቢ ያለችኝ። የእኔን ጉድለት ልትሸፍን የመረጠችውን ነው እርስዎ ገልጠው ያቃጠሉባት። አሁን ይስሙኝ። ሳሪው አይለወጥም። ልጄ የሚያለብሳት ያንኑ ነው። ካልተስማሙ አሁኑኑ ይንገሩኝና ሁላችንም እንረፍ።"

"ያንኑ ያልብሳት" አልኩ።

"በሉ እንግዲህ ለእሁድ እንዲጠሩ ለቄሱ እነግራለሁ" ብለው ወደ ፍየሎቻቸው ዞሩ። አጥሩን አልፌ ስሄድ ከኋላዬ "ጋሽ ኩሩቪላ! ኧረ ጃንጥላዎ!" ብለው ጮኹ። ይዘውልኝም መጡ። ሲሰጡኝ ፊታቸው አልተፈታም፤ ግን ይዘውልኝ መጡ። ባለፈው እሁድ የልጆቹ ስም ተጠርቷል።

ለሜሪን "በደልኩሽ" ማለት ግን ወንዝ ከመሻገር ከበደኝ። ቁንዶ በርበሬውን ስታገላብጥ አጠገቧ ቆሜ አልኳት። እጇን ሳታቆም፣ "እሺ አባባ" አለችኝ። እሺ ማለት ይቅር ማለት አይደለም፤ አንቺም በልጅነትሽ እንዲሁ ነበርሽ። ከዚያ ከእኛ ቤት የሚገዛላት፣ ለብሳው ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትገባው ነጭ ልብስ ተራው ሲደርስ፣ "አብረውን ይምጡ፤ ሱቁ ውስጥ ግን አይግቡ" አለችኝ። ከዚህ በፊት ቢሆን ኖሮ ቬሎ የፈረንጅ ነው፣ እናትሽ በነጭ ሳሪ ነው የተዳረችው ብዬ አገር ይያዝልኝ እል ነበር። ማክሰኞ ዕለት ግን ጫማዬን አጥልቄ ተከተልኳቸው።

ኮታያም ያለው የሙሽራ ልብስ ሱቅ በር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። አቻማና ሜሪን ገቡ፤ እኔ ከዘበኛው ጋር ቀረሁ። "አባቴ፣ ውስጥ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሻይም ይጋብዛሉ፤ እዚህ ምን ያቃጥልዎታል?" አለኝ።

"ተከልክዬ ነው።"

"ማን ከለከለዎት?"

"ሙሽራዋ።"

ከት ብሎ ሳቀና፣ "እዚህ የሚቀመጡት አባቶች ዋጋ ሰምተው የሸሹ ናቸው፤ ሳይሰማ የተባረረ የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት" አለኝ።

ልብሶቹ በመስታወቱ ይታያሉ። ስለዚህ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ መንገዱ ዞሬ ተቀመጥኩ። የከበደኝ ፀሐዩ አልነበረም። ስፌቱን ገልብጦ የሚያይ ማን አለ? የራሷ ዘውድ ያጠብቃት ይሆን? መከናነቢያው፣ ጓንቱ፣ የእጅ አበባው ምን ዓይነት ይሆን? ጫማውን ቆማ ብቻ ለካችው ወይስ ተራመደችበት? እጄን ያሳክከኝ ነበር። በመካከሉ የሜሪን ሳቅ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ። ከት ብሎ የሚወጣ ሳቅ ነው። እኔ ቤት ስትስቅ እንዲህ አይደለም፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነው። ለካ እኔ ባለሁበት ነው እንዲያ የምትስቀው። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ልጅሽን ስታስረክቢኝ ሳቂታ ነበረች፤ አብልቼ፣ አስተምሬ፣ ጠብቄ አሳደግኋት፤ ሳቋን ግን እንዲህ አሳንሼዋለሁና እወቂው ብዬ ነው።

ሲወጡ ሜሪን ትልቁን ካርቶን እጄ ላይ አኑራ፣ "ይኸው፣ እርስዎ ይያዙልን" አለችኝ። ክዳኑ የታሰረው በቀጭን ጥብጣብ ብቻ ነበር። እያየችኝ መሆኑን አውቃለሁ። በአውቶቡስ እስከ ቤታችን ድረስ ጭኔ ላይ አድርጌ አመጣሁት፤ አሁን ክፍሏ ውስጥ ተቀምጧል። በሯ ክፍት ሲሆን በዚያ በኩል አላልፍም።

ሠርጉ ከትንሣኤ በኋላ መሆኑን ታውቂያለሽ። ፈቃድ ከሰጡሽ ቀደም ብለሽ ነዪ። ወይዘሮ ታንካማ ቤት ክሩ ሲመዘዝ ከእኛ ወገን አንቺ ተገኚ፤ እኔ በዚያ ፊት የለኝም። ልትቆጪኝ ብትፈልጊም መጥተሽ ፊት ለፊት ተቆጪኝ። በስልክ ከሆነ መልስ እሰጥሻለሁ።

አሮጊቷን እመቤትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። አብራሽ ለምትኖረው ለዚያች ሳቂታ ባልንጀራሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። አቻማ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች፤ ወገቧን የምትቀባውን ያንን ቅባት አደራ ብላለች። ሲጆም ሰላም ብሎሻል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ቆሞ ሰላም ያለኝ ቀድሞኝ ነው። ሜሪን እንደምጽፍልሽ ስለማታውቅ የእሷን ሰላምታ ከራሷ አፍ ትሰሚዋለሽ።

ነጩን ልብስ በስልክ እንዳሳየችሽና እንዳለቀስሽ አቻማ ነግራኛለች። ስንነጋገር ስለ ልብሱ አንድ ቃል እንዳትነግሪኝ። ልጠይቅሽ እችላለሁ፤ ብጠይቅሽም እንዳትነግሪኝ። ለብሳው ስትወጣ ከሰው ሁሉ ጋር አየዋለሁ።

ወንድምሽ ኩሩቪላ
ፓላ፣ ሐሙስ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2015