አንዱን ዶላር ሁለት ጊዜ ለመነዘሩልን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የባንካችን የውጭ ምንዛሬ ክፍል ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለዓይናችሁ። እኔ በባንክዎ ደረጃ ሥር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምትለኝ፣ ስብሰባዎን ላለማወክ ብዬ ነው።

እናቴን የዓይን ግፊት ያዛት። ሐኪሟ ጎረቤት አገር ባለ ሆስፒታል ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት ብርሃኗን እንደምታጣ ነገረኝ፤ ሆስፒታሉም ቀጠሮ ለመያዝ ቅድሚያ ክፍያ በዶላር ጠየቀ። ታናሽ እህቴ በሰው አገር የሰው ቤት እያጸዳች ያጠራቀመችውን በባንክዎ በኩል ላከች። የተጠየቀውን ያህል ብቻ ላኪ ያልኋት እኔ ነኝ፤ መስኮትዎ ላይ «ኮሚሽን የለም» የሚል አንብቤ ነበርና። ስላመንሁዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ በዶላር የመጣውን ገንዘብ ሳትጠይቁኝ ወደ አገራችን ገንዘብ ስለለወጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። ዶላሩ እንዳለ ወደ ሆስፒታሉ ይተላለፍልኝ ብዬ ብለምን፣ ገንዘብ ከፋይዋ «አሠራሩ ነው ጋሼ፣ ምን ላድርግ» አለችኝና ያንኑ ዶላር መልሼ እንድገዛ ወደሚቀጥለው መስኮት መራችኝ። እዚህ ርካሽ የነበረው እዚያ ውድ ሆኖ ጠበቀኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ መዳቡ እናንተ እጅ ሲገባ ወዲያው ወርቅ እንደሚሆን ግን ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። እኔ ደንበኛዬ ላሰፋ ብሎ ያመጣውን ጨርቅ በርካሽ ገዝቼ፣ ያንኑ ጨርቅ በውድ ብሸጥለት ሰፈሩ ምን ብሎ እንደሚጠራኝ አውቃለሁ። በእናንተ ዘንድ «የመግዣና የመሸጫ ልዩነት» የሚባል ጨዋ ስም አለው። ኮሚሽን የለም ማለታችሁም ውሸት አይደለም፤ የምትወስዱትን ከዋጋው ውስጥ ነው የምትወስዱት።

ሁለተኛ፣ እናንተ የማስተላለፊያ ብላችሁ ቆረሳችሁ፤ ገንዘቡ በመንገዱ የሚያልፍበት ሌላ ባንክም የራሱን ቆረሰ። ሆስፒታሉ የደረሰው ጎደለ። ቀጠሮው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

እህቴ ጉድለቱን ለመሙላት በእረፍት ቀኗ ሌላ ቤት ማጽዳት ጀመረች። ሞልታ ስትልክ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «ጊዜው አልፏል፤ ገንዘቡን ለሌላ ነገር አድርጉት» አለኝ።

ሦስተኛውን መጻፍ አልቻልሁም። በየማለዳው መርፌዬ ላይ ክር የምታስገባልኝ እናቴ ነበረች። አሁንም ጠዋት ጠዋት ክሩን ስጠኝ ትለኛለች፣ እሰጣታለሁ፣ ይዛው ትቀመጣለች። ልቤ ተሰብሯል፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤ ሌላ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ለሚቀጥለው ሰው ገንዘቡ ከመንቀሳቀሱ በፊት መጨረሻ ላይ ስንት እንደሚደርስ ንገሩት።

ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ሱሪዎን አሳጥሬ አንድ ጊዜ ብቻ ያስከፈልሁዎ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ነገሩን አታውቅም፤ እንዳያንገበግባት ብዬ ድሮም መድኃኒት አልነበረውም አልኋት። የልጇን ገንዘብ ከባሕር ማዶ ስላደረሳችሁላት ግን ስማችሁን እያነሣች ትመርቃለች። ምርቃቴን አድርስልኝ ብላ አደራ ጥላብኛለችና፣ ይኸው ምንም ሳልቀንስ አድርሻለሁ።