የኦሪዬ መቀነት

ጃንዋሪ 8

ዛሬ የኦሪዬ ግራ እጅጌ ሄደ። ባለፈው ሳምንት ቀኙ ነበር። የቀራት ደረቷን የሚሸፍን ቁራጭ፣ ወገቧ ላይ የተንጠለጠለ ቡትቶ... ይኸው ነው። ከምሳ በፊት ጨርሼ ቁጭ አልኩ።

ሥራዬ ጨርቅ ነው። አለቃችን ኡሺዮዳ፣ «ሰንሴ» ማለትም መምህር የምንላቸው፣ የማንጋውን፣ የሥዕል ታሪኩን፣ ሰዎች ይስላሉ፣ ዶይ ቤቱንና ዛፉን፣ እኔ ልብሱን። ስቀጠር ኦሪዬ ድርብርብ ኪሞኖ ነበር የምትለብሰው፤ ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አበባ። አበባ ስስል እውል ነበር። እንዴት እንዳማረርኩ! አሁንስ ምን እስላለሁ? የተቀደደ ጠርዝ። በመቅደድ ተክኛለሁ።

ዶይ አላረፈም። «ሂሳኖ፣ ይቺ ሴትዮ ጨርሳ የተራቆተች ቀን አንቺም ሥራ ፈት ነሽ።»

«አንተ ዛፍህን ሳል።»

«ዛፉ እንኳ ቅጠል አለው እኮ!»

አንዳንዴ ታሪኩን ራሱን እረሳዋለሁ። ኦሪዬ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት፣ ወታደር ነበረች። ተማርካ ለኩማኖ ተሸጠች፤ የፍልሚያ መድረክ ባለቤት ለሆነው። የምትለብሰው ሁሉ የእሱ ነው፤ ማኅተሙ ጨርቁ ላይ አለ። በተፋለመች ቁጥር ይቀደዳል፣ ሌላ አይሰጣትም። መጀመሪያ ላይ በኩማኖ እናደድ ነበር። አሁን ግን የማስበው ስለ ጠርዙ ብቻ ነው።

ጃንዋሪ 11

እናቴ ከአኪታ ደወለች። እዚያ በረዶው ጣሪያ ሊደርስ ነው አሉ። ታሪካችን የሚወጣበትን መጽሔት በየሳምንቱ ትገዛለች፤ ጎረቤት ፊት ግን አትገልጠውም።

«ያቺ ሴትዮሽ አይበርዳትም?»

«እማዬ፣ ታሪክ ነው።»

«ታሪክ ውስጥ በረዶ ይጥላል፣ ብርድ ግን የለም?... አንቺ ነሽ የሳልሻት?»

«እኔ ልብሱን ብቻ ነው።»

«የቱን ልብስ?»

ወሬ ቀየርኩ። የላከችልኝ የሹራብ መቀነት ደርሶኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደርሶኛል። አረንጓዴ ነው፣ የከረመ ጎመን የመሰለ። ሆዱን ብርድ የመታው ሰው አለቀለት ብላ ታምናለች እናቴ። ከሸሚዜ ሥር ታጥቄዋለሁ... ማንም አይይብኝ እንጂ።

ጃንዋሪ 15

የመጽሔቱ አዘጋጅ ናራሳኪ መጣ። ጣፋጭ ይዞ። ጣፋጭ ከያዘ ነገር አለ ማለት ነው። መጥፎ ሰው እንኳ አይደለም። የሚያሳፍር ነገር ሊናገር ሲል መነጽሩን ያወልቅና ይወለውላል። ያኔ የማንንም ፊት አያይም። ብልጥ!

ዛሬ ብዙ ወለወለ። አንባቢ የወደደውን ታሪክ በካርድ ጽፎ ይልካል፣ በዚያ ደረጃ ይወጣል፣ ታች የቀረ ይባረራል። የኦሪዬ ቀኝ እጅጌ ሲሄድ ከአሥራ አንደኛ ወደ ስድስተኛ ወጣን።

«ሰንሴ፣ በማርች የመክፈቻውን የቀለም ገጽ ለእርስዎ አስፈቅጃለሁ። ሌላው ሁሉ ጥቁርና ነጭ፣ የእርስዎ በቀለም! እና... የመጨረሻዋ ጨርቅ እዚያ ላይ ብትወድቅ...» ውልወላ።

«ወድቃስ?» አሉ ሰንሴ።

«ሴትየዋ ትንሽ ቀለል ብላ እንድትታይ ነው።»

ዶይ ከጥግ፦ «ከዚህ በላይ ከቀለለች ንፋስ ነው የሚወስዳት።»

ሰንሴ አልሳቁም። መንደሪን እየላጡ «አስብበታለሁ» አሉ። ሰንሴ አስብበታለሁ ካሉ እሺ ማለታቸው ነው። ከፋኝ። ለምን እንደከፋኝ ግን... እኔ ምን አገባኝ?

ጃንዋሪ 19

ማሞቂያው ተበላሸ። ካፖርት ለብሰን ሠራን። ዶይ በጓንት ዛፍ ሊስል ሞከረ፤ ዛፉ ድንች ሆነ። እኔ ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ሹራብ፣ ከሥሩ የእናቴ መቀነት። አሁንም እንቀጠቀጣለሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ ደግሞ ኦሪዬ። በረዶ ላይ ቆማ፣ ባዶ እግሯን፣ ቆዳዋ እንደ ሸክላ ሳህን የለሰለሰ። የራሴን ክንድ ገልጬ አየሁት። ችፍ ችፍ ብሏል። የእሷን አየሁ። ምንም። ሰው አይደለችም እንዴ?

ብዕሩ እጄ ላይ ነበር። ነካ ነካ አደረግኩት... ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። ክንዷን ሙሉ። ማንንም አላስፈቀድኩም። የእናቴ ጥፋት ነው።

ጃንዋሪ 20

ላጠፋው በጠዋት ገባሁ። ገጹ ማተሚያ ቤት ሄዷል። አለቀልኝ!

ጃንዋሪ 30

መጽሔቱ ወጣ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ናራሳኪ ነው። ሰንሴ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ሰንሴ! ክንዷ ላይ ያለው ምንድን ነው? የተነጨች ዶሮ አስመሰላችኋት እኮ!»

ዶይ ሊያድነኝ ሞከረ። «ቀለም ተረጭቶ ይሆናል።»

«ቀለም ተሰልፎ ነው እንዴ የሚረጨው?»

ሰንሴ ስልኩን ዘጉት። ገጹን በአጉሊ መነጽር አዩት።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ሰንሴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ...» በሐሳቤ ዕቃዬን እየሸከፍኩ ነበር።

«ክንዷን ብቻ?»

«አዎ።»

«ጭኗስ? ብርድ ክንድ መርጦ ነው እንዴ የሚመታው?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። አልተቆጡም። ዐይናቸው ውስጥ ያለው ተንኮል ነው! ከሰዓት በኋላ የኦሪዬ ከንፈር ጠቆረ፣ አፍንጫዋ ፈሰሰ። በፍልሚያው መሀል አስነጠሳት። ማስነጠሱን ሰንሴ ራሳቸው በትልቁ ጻፉት፣ ግማሽ ገጽ። ስንስቅ ዋልን።

ፌብሩዋሪ 3

ዛሬ ጋኔን ለማባረር አኩሪ አተር የሚበተንበት ቀን ነው። ዶይ በሩ ጋ ቆሞ «ጋኔን ውጣ! በረከት ግባ!» እያለ ሲወረውር ናራሳኪ በሩን ከፈተ። አተሩ ግንባሩን አገኘው።

አተሩን ከአንገትጌው እያራገፈ ነገረን። በዚያ ክንድ የተነሳ ወደ አሥራ አምስተኛ ወርደናል። «በሚቀጥለው ደግሞ ስታስነጥስ ማን ያያታል፣ ሰንሴ?» የቀለሙ ገጽ ካላዳነን ታሪኩ እዚያው ላይ ያበቃል። ያ ገጽ መጨረሻችን ይሆናል።

ከሄደ በኋላ አተሩን የጠረገ የለም። እኔስ ሌላ ሥራ አገኝ ይሆናል፤ ማንጋ ሞልቷል። ግን ያ ገጽ የመጨረሻው ከሆነ ኦሪዬ እዚያው ቀረች ማለት ነው። በኩማኖ ቤት፣ ራቁቷን፣ ሰው እያያት። ከዚያ በኋላ ማን ያለብሳታል?

ፌብሩዋሪ 6

ሰንሴ ምንም አልሳሉም። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ዋለ። ሻይ ሳቀርብላቸው ድንገት፦

«ኩማኖ የመጀመሪያ ቀን የወታደር ካባዋን ሲገፍፋት ታስታውሺያለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«አንባቢ በኩማኖ እንዲያፍር ነበር የሳልኩት። ምንም የራሷ እንደሌላት እንዲያይ። አየ... ወደደው። እኔም ደረጃውን ወደድኩት። ኩማኖ የገፈፋት አንድ ቀን ነው፣ ሂሳኖ። ከዚያ ወዲህ ያለው የእኔ እጅ ነው።»

ያን ሁሉ ጠርዝ የቀደደው ማን ሆነና? «የእኔም ነው» አልኳቸው። ሻዩን ተቀብለው ለእኔ ቀዱልኝ።

ፌብሩዋሪ 14

በየዓመቱ ዛሬ አንባቢዎች ለሚወዱት ገጸ ባሕርይ ቸኮሌት ይልካሉ። ወረቀት መሆኑን እያወቁ! አምና ለኩማኖ ቆንጆ ጋሻ ጃግሬ ካርቶን ሙሉ መጣለት፤ ዶይ በላለት። ለኦሪዬ ግን ይህን ያህል አልመጣላትም።

ዘንድሮ ናራሳኪ ካርቶን ተሸክሞ ገባ። «ሌላ ታክሲው ውስጥ አለ» አለ። ፊቱ ግራ ተጋብቷል።

ዶይ ምራቁን እየዋጠ ከፈተው... ካልሲ። የሱፍ ካልሲ። ጓንት። ኪስ ውስጥ የሚገባ ማሞቂያ። ሻርፕ። መቀነቶች። ሁሉም ላይ «ለኦሪዬ» ተጽፏል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር እንዲህ ብሏታል፦ «እውነቱን ልንገርሽ፣ መጽሔቱን ልብስሽ ለሚቀደድባት ገጽ ነበር የምገዛው። አሁን ሳይሽ ይበርደኛል። ይህ የባለቤቴ ካፖርት ነው። ስለ አንቺ ነገርኳት፤ ላክላት አለችኝ።»

ጮክ ብሎ ያነበበልን ናራሳኪ ነው። መሀል ላይ መነጽሩን አወለቀ፤ መወልወሉን ግን ረሳው።

ከካርቶኑ ሥር አረንጓዴ ነገር ወጣ። የከረመ ጎመን። አንድ ቦታ ክር አምልጦ ቀዳዳ ሆኗል። ሸሚዜን ገለጥ አድርጌ የራሴን አየሁ። ያው ክር፣ ያው እጅ። ብጣሽ ወረቀት አለው፦ «ኦሪዬ፣ ሆድሽን ብርድ እንዳይመታሽ።»

እማዬ! አለቀስኩ። አዎ፣ ናራሳኪ ፊት።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። «አንድ መቀነት... መውሰድ ይቻላል? ቢሮው ይበርዳል።»

«የኦሪዬ ነው» አሉ ሰንሴ። «እሷን ጠይቃት።»

ፌብሩዋሪ 17

ሰንሴ የቀለሙን ገጽ ጨረሱ። ኦሪዬ የለችበትም! ገጹ ሙሉ ኩማኖ ነው። ማኅተሙ ያለባት ቁራጭ ጨርቅ ጭኑ ላይ ወድቃለች፤ የተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ እሱን ያያል፤ እሱ መግቢያ ጠፍቶታል። እስከ ጆሮው ቀልቷል። ቀለሙ ለዚህ ጠቀመ። ከገጹ ውጪ የእሷ ድምፅ ብቻ፦ «ያንተን ውሰድ።»

ናራሳኪ አየው። አገላብጦ አየው።

«ሰንሴ... ኦሪዬ የታለች?»

«የመጨረሻዋ ጨርቅ ትውደቅ አላልክም? ይኸው ወደቀች።»

ሳቁ አመለጠው። «ያባርሩኛል፣ ያባርሩኛል» እያለ ይስቃል። ገጹን አቅፎ ሄደ።

ቀጣዮቹን ገጾች ሰንሴ ጠረጴዛዬ ላይ ከመሯቸው። መድረኩን የከበቡት ሰዎች ልብስ እየወረወሩላት ነው። ካልሲው፣ ጓንቱ፣ ያ ካፖርት፣ ሁሉም ከካርቶኑ። ኦሪዬ ጀርባዋን ሰጥታን ትለብሳለች፤ አትቸኩልም። ፍልሚያ የለ፣ ደም የለ፣ ጨርቅ ብቻ።

«ይህ ያንቺ ነው» አሉኝ።

ፌብሩዋሪ 20

ሹራብ። ሹራብ። ሹራብ። አበባው ምን ነበረበት?

ማርች 13

ዘጠነኛ። አንደኛ አይደለም፤ ግን አልተባረርንም። ቢያንስ እስከ በጋ አለን። ናራሳኪ ራሱ ደውሎ ነገረን። ሰውየውም አልተባረረም። ከካርቶኑ አንድ መቀነት ጠፍቷል። ዶይ «ሌባ!» ሲል ሰንሴ «ጠይቋት ይሆናል» አሉ።

ማታ እናቴ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አንቺ ልጅ! ያቺን ቀዳዳ ሳልሻት?»

«እንዴ፣ መቀነቱ ላይ አለች እኮ።»

«ክር እንዳመለጠኝ አገር ሁሉ አየ! መጽሔቱን ገልጬ ለጎረቤቱ ሳሳይ መጀመሪያ ያዩት እሷን ነው።»

ገልጬ? ለጎረቤት? ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

«ሌላ ልሥራላት፣ ያን መልሽልኝ።»

«አይሆንም እማዬ። አሁን የራሷ ነው።»

ሬዲዮዋ ከጀርባ ይሰማል።

«ሞቃት?»

«ሞቃት።»

«አንቺ ነሽ የሳልሻት?»

«ልብሱን እኔ ነኝ የሳልኩት» አልኳት።

እጄ አብጧል። ነገ ካፖርቱ ይቀጥላል፤ ቁልፉ ብዙ ነው።