እንግሊዝኛን በገዛ አገሩ ስላበላሸሽው ጉዳይ

ውድ ባለቤቴ፣

ጤናሽን አልጠይቅም። ባለፈው እሑድ በስልክ ስትስቂ ሰምቻለሁ፤ እንዲያ የሚስቅ ሰው አይታመምም። እኔም ደህና ነኝ። ጉልበቴም የስፌት መኪናዬም እንደተውሻቸው ናቸው፤ ሁለቱም ሲነሱ ይጮኻሉ፣ ከተነሱ በኋላ ይሠራሉ። ደብዳቤ የምጽፍልሽ በስልክ አንድ ዐረፍተ ነገር አስጨርሰሽኝ ስለማታውቂ ነው። ወረቀት አያቋርጥም። ወረቀት "እሺ የኔታ!" ብሎ አይስቅብኝም።

ልጃችንን አርሰሽ ልትመለሺ ነበር የሄድሽው። አሁን ደግሞ "ሕፃኗ እስክትራመድ አልመጣም፣ ከናፈቅኩህ አንተ ና" ትያለሽ። እኔ ደግሞ ቋንቋውን ሳላጠናቅቅ ሰው አገር ሄጄ አፌን አልከፍትም ብያለሁ። ነገራችን እዚህ ላይ ተጣብቋል። ስለዚህ ሕፃኗን አስተኝተሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

መጀመሪያ የነርሷን ነገር እናንሳ። ልጃችን በወለደች ዕለት አልጋው አጠገብ ቆመሽ ለነርሷ ምን አልሻት? "ቬሪ ስሞልስ ሃንድስ!" አልሻት። በጣም ትንንሽ እጆች ማለትሽ ነው። በእኛ ቋንቋ ነገሩ ሲበዛ ቅጽሉም አብሮት ይበዛል፤ "ትንሽ እጅ" የነበረው "ትንንሽ እጆች" ይሆናል። የእንግሊዝኛ ቅጽል ግን ደረቅ ነው ብዬሻለሁ። እጁ አንድም ሆነ ሺህ እሱ ንቅንቅ አይልም። "በጣም" የሚለው ተውሳከ ግስ ይቀድማል፣ ቅጽሉ ይከተላል፣ ብዛቱን የሚሸከመው መጨረሻ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው። "ቬሪ ስሞል ሃንድስ።" አለቀ። ኮትም እንዲሁ ነው፤ ገበሩም ጨርቁም ቁልፉም ቦታ ቦታ አላቸው። ቁልፍ ገበር ላይ የሚተክል ልብስ ሰፊ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ይህን ሁሉ አስረድቼሽ ምን ብለሽ እንደመለስሽልኝ አልረሳሁም። "እጆቹ በዝተው ትንሽነታቸው ብቻውን ይቅር? አያሳዝንም?" አልሽኝ። ቋንቋ በሐዘኔታ የሚሠራ ይመስል!

አሁን በደረሰኝ ወሬ ነርሷ አንቺን ልታርም ሲገባት እየሳቀች አንቺ ያልሽውን ደገመችው። ከእሷ ሌሎቹ ነርሶች ያዙት። የልጃችን ባል፣ ያ የአውቶቡስ ሹፌር፣ እናቱ በእንግሊዝኛ እሹሩሩ እያለች ያሳደገችው ሰው፣ እሑድ ዕለት ስልኩን ተቀብሎ "ስሞልስ ሃንድስ፣ ዳዲ!" አለኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አንቺ ሴትዮ፣ ቋንቋ ልትማሪ ሄደሽ ባለቤቶቹን አሳሳትሻቸው!

ሳላስተምርሽ ቀርቼ ቢሆን ባልተናደድኩ። ሦስቱን የቁልፍ ቆርቆሮዎች ገልብጬ ባዶ ያደረግኳቸው ለማን ነበር? ከልብስ መቁረጫ ወረቀት ቁርጥራጭ እያወጣሁ ቃል ጻፍኩ። አንደኛው ቆርቆሮ ውስጥ "ምን ያህል" የሚሉትን፣ ሁለተኛው ውስጥ "ምን ዓይነት" የሚሉትን፣ ሦስተኛው ውስጥ ነገሮቹን አብዝቼ ከተትኩ። ጠዋት ጠዋት ሻይ እንደጠጣን ከየቆርቆሮው አንድ አንድ ታወጪና በተራ ታነቢ ነበር። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ ያወጣሁት። አንድ ቀን ምን ወጣልሽ? "ኦልሞስት ሜሪድ ፖቴቶስ።" ለማግባት ትንሽ የቀራቸው ድንቾች። የበሩን መቃን ይዘሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ።

"ሽማግሌ ማን ላከባቸው?" አልሽ።

"ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው" አልኩሽ። "ትርጉሙ እኛን አይመለከትም።"

"ድንቾቹንም አይመለከታቸውም?"

ያን ቀን ትምህርቱ በዚያው ቀረ። አንቺ ድንች ልትልጪ ገባሽ፤ እያንዳንዱን እያነሳሽ "ይቺ ደግሞ ታጭታለች" ስትይ ከሱቁ ሆኜ እሰማሽ ነበር።

እርግጥ እኔም ከእንግሊዝኛ ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። አንዱን ሱሪ "ትራውዘርስ" ብለው የሚያበዙትን አልቀበልም። ዕድሜዬን ሁሉ ሱሪ ሰፍቻለሁ፤ አንድ ሱሪ አንድ ነው። አንቺ "እግሩ ሁለት ነዋ!" ብትዪም አሁንም አልቀበልም። መቀስንም እንደዚያው ያደርጓታል። መቀሴ አንድ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። "አንተ ፈርተህ ነው" አልሽኝ። ይህን ከየት እንዳመጣሽው አውቃለሁ፤ የጎረቤታችን ፎቶ ኮፒ ቤት ሴትዮ ነግራሽ ነው። እንግዲህ የሆነውን ከእኔ ስሚው።

አንድ ረጅም የውጭ አገር ሰው ሱሪ በክንዱ አንጠልጥሎ ሱቄ ገባ። "ሪሊ ሎንግ ትራውዘርስ" አለ። በጣም ረጅም ሱሪ ማለቱ ነው። ተውሳከ ግስ፣ ቅጽል፣ የበዛ ስም፤ ሥርዓቱን ሳይስት! እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል። ሁለተኛውን ሱሪ ከጀርባው እንደ ፈለግሁ አልክድም፤ ያ የእነሱ ጥፋት ነው። ከዚያ መልስ ማዘጋጀት ጀመርኩ። "በጣም" የሚለውን በየትኛው ቃል ልበለው? የማውቃቸው ብዙ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ላይ መጥተው በሩ ላይ ተጋፉ። እኔ እየመረጥኩ ሳለ ሴትዮዋ ከሱቋ ዘላ መጣች። የሰውየውን ቁርጭምጭሚት በጣቷ አሳየች፣ በሁለት ጣቷ እንደ መቀስ "ችክ" አደረገች፣ "ቱሞሮ!" አለች፤ ነገ ና ማለቷ ነው። ሰውየው ደስ ብሎት አመስግኗት ሄደ። ሱሪውን የማሳጥረው እኔ፣ የምትመሰገነው እሷ!

"አባባ፣ ጥርስዎን አመምዎት እንዴ? አፍዎ ተከፍቶ ቀረ እኮ" አለችኝ ደግሞ።

ይህ ፍርሃት ነው? ጥንቃቄ ነው። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም፤ ቃልም እንደዚያው ነው። ሌላው ሰው እንደመጣለት ሲቀደው እኔ ለካሁ፤ ጥፋቴ ይኸው ነው።

አንቺን ለማሳፈር ስል ብቻ የቪዛ ማመልከቻ አስገባሁ። ማክሰኞ ከኤምባሲው ጠሩኝ። ግራጫ ሱፌን ለብሼ ሄድኩ፤ ለሰው እንጂ ለራሴ ሰፍቼ ስለማላውቅ እጅጌው አጥሮኛል፤ ይህንንም ልትስቂበት ትችያለሽ። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሹም በልጃችን ዕድሜ ትሆናለች። አስተርጓሚ መድበውልኝ ነበር፤ ለስለስ ያለች ልጅ።

"አባባ፣ ልተርጉምልዎት?"

"አያስፈልገኝም ልጄ፤ አንቺ እረፊ።"

ሹሟ ለምን መሄድ እንደምፈልግ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ለዚህ ተዘጋጅቻለሁ። ለሳምንታት ስተኩሰው የከረምኩት ዐረፍተ ነገር ነው። "አይ ሃቭ ኤክስትሪምሊ ኢምፖርታንት ሪዝንስ" አልኳት። እጅግ አስፈላጊ ምክንያቶች አሉኝ። ሽንቁር የለው፣ የተፈታ ክር የለው፤ ሁሉም በየቦታው! ድምፄም አልተንቀጠቀጠም።

"ምክንያቶቹ ምን ምን ናቸው?" አለችኝ።

ይህን አላሰብኩበትም። ለሥርዓቱ ስል አብዝቼዋለሁ፤ የበዛ ነገር ደግሞ ይቆጠራል። ቁልፉ እንደጠፋበት ሰው ኪሴን ሁሉ ዳበስኩ። አገር ለማየት? በዚህ ጉልበቴ ምን አገር አያለሁ። ሕፃኗን ለማየት? አዎ፣ ዓይኗን ማየት እፈልጋለሁ፤ ግን እሷ ታድጋለች፣ ከእነእናቷ ትመጣለች፣ እኔም መጠበቅ እችል ነበር። መጠበቅ ያልቻልኩትን ፈለግሁ። አንድ ብቻ አገኘሁ።

"ዋን" አልኳት። "ዋይፍ።" አንድ፤ ሚስቴ።

ብዕሯን እንደያዘች አየችኝ። ቀጥል ማለቷ ነው። ምን ልቀጥል? ያን ሁሉ ዘመን ያጠናሁት ቅጽል፣ ያን ሁሉ ተውሳከ ግስ ስጠራው አንዱም አቤት አላለኝም። ከዚያ አፌ እኔን ሳያስፈቅድ ብቻውን ተናገረ። "ሺ ዜር። ሚ ሂር። ሀውስ ኖ ቶክ።"

እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ፤ ቤቱ አይናገርም። ግስ እንኳ የለውም! እንዲህ ያለ ነገር አንቺ ብትናገሪ ሳምንት ሙሉ አላሳርፍሽም ነበር። አስተርጓሚዋ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሹሟ ብዕሯን አስቀምጣ የሆነ ነገር አለችኝ፤ የጎደለውን ግስ እየፈለግሁ ስለነበር አልሰማኋትም። በር ላይ ስደርስ አስተርጓሚዋ ተከትላኝ መጣችና "አባባ፣ ተፈቅዶልዎታል እኮ!" አለችኝ።

"ሰምቻለሁ" አልኳት።

እንዴት እንደሚያናድድ ይገባሻል? ተኩሼና አጥፌ ያቀረብኩት "ምን ምን ናቸው?" ተባለ፤ በሩን የከፈተልኝ ግን ቅዳጁ ነው። አሁን ስጽፍልሽም ያናድደኛል። ከንዴቴ የተነሳ ሥራ ላይ እንኳ መቀስ አነሳሁ ስል ሜትር ይዤ እገኛለሁ።

ስለዚህ እመጣለሁ። ተሸንፌ እንዳይመስልሽ፤ ትክክሉ አሁንም እኔ የምለው ነው፣ ሕፃኗም አፏን የምትፈታው በትክክሉ ነው። ለልጃችን ባል ንገሪው፤ ዳዲ ማለቱን ፈቅጄለታለሁ፣ ሌላውን ግን ያርም። ቲኬቱን ልጃችን እንደቆረጠች ቀኑን ትነግርሻለች።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ልመና ስለማላውቅበት ትእዛዝ መስሎ ቢታይሽ እለፊኝ። አየር ማረፊያው በር ላይ ማንም ቀድሞ በእንግሊዝኛ ሰላም እንዳይለኝ። አንቺ ቀድመሽ ነይና በአማርኛ ተቆጪኝ። ለምን ከሳህ በዪኝ፤ ይህን ስስ ልብስ ለብሰህ በብርድ ልትሞት ነው ወይ በዪኝ፤ ሰው እየሰማ ጮክ ብለሽ ተቆጪኝ። እኔም ዝም አልልሽም። መልሴን ካሁኑ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ረጅም ነው።

የተናደደው ባልሽ