የተደፈነው የጎን በር

ማክሰኞ

እንደገና አልፈቀዱም። የታሪካዊ ሕንፃዎች ቦርድ፣ እድራችን ኒር ኢስት ሳይድ የሚባለው ሰፈር የገዛው ቤት ፊት ለፊቱ ላይ የዊልቸር መወጣጫ ራምፕ አይሠራበትም አለ። ቤቱ ጆርጅያን የሚሉት ዓይነት ነው። በሩ መሃል፣ መስኮቶቹ ግራና ቀኝ እኩል። ራምፑ ግማሹን ይሸፍነዋል። ያለ ራምፕ ደግሞ ሲቲው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ የመክፈቻ ፈቃድ አይሰጥም። ሐሙስ ከቦርዱ ጋር የመጨረሻ ቀጠሮ ነው። ሊቀመንበራችን ጋሼ መንግሥቱ «ካልሆነ እንሸጠዋለን» አሉ።

ቤቱ ውስጥ ያደረግነው ስብሰባ አልቆ ሰው ሲበተን ቅጠል ልጠርግ በምሥራቅ በኩል ዞርኩ። ግድግዳው ላይ ጡቦቹ እንደሌላው ቦታ አልተጠላለፉም። ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ከመሬት ተነስተው ይወጣሉ። አናታቸው ላይ ጡቦቹ ቆመው እንደ ማራገቢያ ተዘርግተዋል፤ ልክ እንደ መስኮቶቹ። በኋላ በጡብ የተደፈነ በር ነበር!

እቤት ገብቼ ላይብረሪ ሲጥለው ያነሳሁትን የግንበኞች መጽሐፍ አገላብጬ አመሳከርኩ። ነው።

ረቡዕ

ከሥራ በፊት ላይብረሪ። የቤቱን የድሮ ፎቶግራፍ ኮፒ አደረጉልኝ። ቤቱ የነጋዴ መኖሪያ ነበር፤ ከዚያ የሐኪም ክሊኒክ፣ የዳንስ ትምህርት ቤት፣ የኢንሹራንስ ቢሮ፣ በመጨረሻ ባዶ። ፎቶው በሐኪሙ ዘመን የተነሳ ነው፤ በሽተኞች በጎን በኩል ተሰልፈዋል። በሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መሬቱ በዚያ በኩል ከፍ ስለሚል ደረጃ እንኳ የለውም፤ ዊልቸር ያለ ራምፕ ይገባል!

ለጋሼ መንግሥቱ ኮል አደረግኩ።

«እናቶቻችንን በጓሮ ልታስገቢያቸው ነው? ለቅሶ የመጣ ሰው እንደ ሌባ በጎን ይግባ?»

ፎቶውን እያየሁ መለስኩላቸው።

«ሁላችንም በሱ እንግባ፣ ጋሼ። እርስዎም ጭምር። ያኔ ዋናው በር እሱ ይሆናል።»

ከዚያ «አንቺ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ብለው ሳቁ።

ሐሙስ

ቦርዱ ፊት ቀረብን። ልጄ «ማም፣ አይ ካን ቶክ» ብላ ልናገርልሽ አለችኝ። እምቢ አልኳት። ፎቶውን አስቀምጬ በዚያው ስብርብር እንግሊዝኛዬ ተናገርኩ። አዲስ በር አንከፍትም፣ የነበረውን እንመልሳለን አልኩ።

አንድ ሽማግሌ የቦርድ አባል መነጽራቸውን አውልቀው ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ሳልፍ አላየሁትም» አሉ።

ድምፅ ተሰጠ። ሁሉም እጅ ወጣ። ሁሉም! ፓርኪንጉ ውስጥ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ!

ሰኞ

የቦርዱ ፈቃድ ጠዋት በኢሜይል መጣ። ከሰዓት በኋላ የቀጠርነው ግንበኛ የመጀመሪያዋን ጡብ ነቀለ። እኔ ከውስጥ ነበርኩ። አቧራ ገባ፣ ከኋላው ብርሃን። ክንዴን በቀዳዳው አወጣሁ። ውጭ የቆሙት ጋሼ መንግሥቱ እጄን ይዘው ይወዘውዙት ጀመር።

«ግቢ እንዳልልሽ ውስጥ ነሽ። በይ እኔን አስገቢኝ!»

«ገና አንድ ጡብ ነው፣ ጋሼ። ትንሽ ይታገሡ» አልኳቸው።