መስማት ለማይችሉ አመልካቾች ስለሚደወለው ስልክ

ለክቡር የዩኒቨርሲቲው የድረ ገጽና የጋራ ይዘት ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከመላው ባልደረቦችዎና ከነኮምፒውተሮችዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዲበዛ፣ ሥራዎም እንዲቃና ከልብ እመኛለሁ። እኛ የምልክት ቋንቋ ትምህርት ክፍል ሠራተኞች፣ ከአዲሱ ድረ ገጻችን በስተቀር፣ ደህና ነን። እኔ የክፍሉ ጸሐፊ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ማመልከቻ ስቀበል ኖሬያለሁ። ለክቡርነትዎ በአደባባይ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ሲሆን፣ በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባኋቸው አራት ደብዳቤዎች ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ስለሆኑብኝ ነውና ድፍረቴን ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ።

አስቀድሜ ላመስግን። የአርባ ሁለት ትምህርት ክፍሎችን ድረ ገጽ አፍርሰው በአንድ መልክ መሥራትዎ፣ ጽሑፉም ከእርስዎ ቢሮ ብቻ ወጥቶ ለሁሉም እንዲዳረስ ማድረግዎ ቀላል ሥራ አይደለም። እውነቱን ለመናገር የቀድሞው ገጻችን ጉድ ነበር፤ ካረፉ አራት ዓመት ያለፋቸው መምህራችን ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተማሪ እንደሚያነጋግሩ ይገልጽ ነበር። እሱን ስላነሱልን እግዜር ይስጥልን። ዳሩ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ አብረው የተነሱና አብረው የመጡ ነገሮች አሉ። ክቡርነትዎ ነገር በቁጥር ተዘርዝሮ ሲቀርብልዎ ደስ እንደሚልዎ ስለሰማሁ እኔም በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ፎቶግራፉን በተመለከተ። በገጻችን አናት ላይ፣ ልክ እንደ ሌሎቹ አርባ አንድ ክፍሎች፣ የጆሮ ማዳመጫ ደፍታ በፈገግታ የምታዳምጥ ተማሪ ተቀምጣለች። ከተማሪዎቻችን ሲሶው መስማት አይችሉም። አይተዋት ሆዳቸውን ይዘው ስለሳቁ ይህን ቅሬታ ትቼዋለሁ።

፪. ቪዲዮውን በተመለከተ። መስማት የተሳነው መምህራችን ኮሪደሩ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ ሰቅሎ፣ ቅጹ እንዴት እንደሚሞላ፣ የመግቢያ ፈተናው መቼ እንደሆነና አስተርጓሚ እንዴት እንደሚጠየቅ በምልክት ቋንቋ የሚያስረዳ የስድስት ደቂቃ ቪዲዮ ሠርቶ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን አንጠልጥላ ከፊቱ እያለፈችበት ሦስት ጊዜ ደግሞታል። ክቡርነትዎ «ከጋራው ቅርጽ ጋር አይሄድም» ተብሎ እንዲነሳ አደረጉ፤ በቦታውም «ለማንኛውም ጥያቄ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚል ጽሑፍ ተተካ። ወሬውን ለመምህሩ የነገርኩት እኔ ነኝ። መጋረጃውን አጣጥፎ ካቢኔው ውስጥ ከተተው።

፫. ይህኛው ቅሬታ መሆኑ ቀርቶ ንዴት ነው። አዲሱ ድረ ገጽ አመልካቹ ቅጹን ሞልቶ ሲጨርስ ስልክ ይደውልና የማረጋገጫ ቁጥሩን በድምፅ ይነግረዋል። አንዲት ልጅ አለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እናትም ልጅም አይሰሙም። ልጅቷ በትምህርት ቤቷ አንደኛ የወጣች፣ እንደ እሷ ያሉትን ሕፃናት ለማስተማር ከልጅነቷ የተመኘች ናት። ቅጹን አንድም ሳትሳሳት ሞላች። ከዚያም ስልኳ ከስፌት መኪናው ጎን እየበራ ሲንቀጠቀጥ እናትና ልጅ ቁጭ ብለው አዩት። ጎረቤት ጠርተው እስኪመለሱ ጥሪው ተቋረጠ። በሁለተኛው ጥሪ ጎረቤቷ ገበያ ሄዳለች። ከሦስተኛው በኋላ ሲስተሙ «አመልካቿ መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነችም» ብሎ ማመልከቻዋን ሰረዘ። ምዝገባው የሚዘጋው የፊታችን ዓርብ ነው።

ቁጥሩ በጽሑፍ መልእክት ቢላክላት ምን አለበት ብዬ እግሬ እስኪቀጥን ከቢሮዎ ተመላለስኩ። ያነጋገረኝ ባለሙያዎ ጨዋ ሰው ነው፣ አይዋሽም፤ ከመቀመጫው ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። «እናቴ፣ ይዘቱ እኮ የጋራ ነው፤ ለእናንተ ከነካነው ለአርባ ሁለቱም ተነካ ማለት ነው» አለኝ። ቢነካስ ማን ይሞታል ብዬ ብጠይቀው፣ እሱን የሚወስነው ኮሚቴ በየሦስት ወሩ እንደሚሰበሰብ፣ ባለፈው ሳምንትም ተሰብስቦ በአርማው ቀለም ላይ ሲወያይ ውሎ እንደተበተነ አስረዳኝ። ቀለሙ ያምራል፤ ደክማችሁበታል።

ክቡርነትዎ፣ ተናድጃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ መናደድ ለደም ግፊቴ እንደማይበጅ ሐኪሜ ነግሮኛል፤ ግን ይህች ልጅ ያጠፋችው ምንድን ነው? ደወሉላት፣ አልሰማችም። እንደማትሰማ ደግሞ በራሳችሁ ቅጽ ላይ፣ በሰባተኛው ጥያቄ፣ በግልጽ ሞልታለች። ያንን ያነበበ ሰው ከቢሮዎ ውስጥ ይኖር ይሆን?

የምለምነው ትንሽ ነው። የልጅቷ ማመልከቻ ከዓርብ በፊት ይመለስላት፤ ቪዲዮውም ወደ ቦታው ይግባ። የቀረውን፣ ባለማዳመጫዋን እመቤት ጨምሮ፣ ምርቃት ነው ብለን እንይዘዋለን።

ለአርባ ሁለታችንም ሳያዳሉ እኩል ስላሰቡልን እጅ እየነሳሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ካለቀ ትዕግሥት ጋር፣

የምልክት ቋንቋ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ፈርሜ ወደ ፖስታው ሳስገባ ኮሪደራችን ላይ መልስ ስትጠብቅ የዋለችው ልጅ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። እየጠራ ነበርና ተቀብዬ አዳመጥኩላት። ከእርስዎ ቢሮ የመጣ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ስለደረሰባት መጉላላት በትሕትና ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ፣ ቅሬታ ካላት እንድትደውል ይጋብዛታል። ምን አሉ ብላ በእጇ ጠየቀችኝ፤ ዓይኖቿ ከፊቴ አልተነሱም። እኔም እጄን አነሳሁና የምለው አጥቼ መለስኩት። የምነግራትን ከዓርብ በፊት ይላኩልኝ፤ እባክዎ፣ በጽሑፍ።