ስለምትናገረው ኮምፒውተርና በቢሮዎ ስላሳለፈቻቸው አምስት ሳምንታት

ለክቡር የቤት ኮምፒውተሮች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ ላሉት ኮምፒውተሮችም ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት የጨመርኩት ለወግ ሳይሆን ከልቤ ሰግቼ መሆኑን ከዚህ በታች ከማቀርበው እንደሚረዱልኝ አምናለሁ።

ታላቅ እኅቴ ዓይነ ስውር ናት። ሥራዋ የትምህርት ቤት መጻሕፍትን ቤቷ ተቀምጣ በኮምፒውተር ወደ ብሬል፣ ማለትም በጣት ወደሚነበበው የነጥብ ጽሕፈት፣ መለወጥ ነው። በሰፈራችን ትምህርት ቤት ያሉ አሥራ አንድ ዓይነ ስውራን ልጆች በመጪው ዓመት የሚማሩባቸው የሒሳብ፣ የሳይንስና የቋንቋ መጻሕፍት ተጠናቀው ማተሚያ ብቻ ሲጠብቁ በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሯ ደግሞ እነሆ አምስት ሳምንት በእርስዎ ቢሮ ተቀምጣለች። ትምህርት የሚከፈተው ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ ነው። ነገሩን ከበታችዎ ካሉት ሰዎች እንደሰሙት አልጠራጠርም፤ ሆኖም ወሬ አምስት ጠረጴዛ ሲሻገር መልኩ ስለሚለወጥ፣ ቤት ውስጥ ቆሞ ያየ ሰው ቢነግርዎ አይከፋም ብዬ በተራ ቁጥር አስፍሬዋለሁ።

1ኛ. በየቤቱ ያስበተኑት “ኮምፒውተርዎን በነፃ ይጠብቁ” የሚለው በራሪ ወረቀት ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ያለ ክፍያ የሚገኝ አንቲቫይረስ፣ ፋየርዎል፣ የይለፍ ቃል መያዣና የመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫ ፕሮግራም ይዘረዝራል፤ ዝርዝሩም ትክክል ነው። እኅቴ አራቱንም ከተጠቀመችባቸው ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ከጎናችን ላለው ልብስ ሰፊና ፊት ለፊት ላሉት ጡረተኛ ነርስም አጠቃቀሙን ያሳየቻቸው እሷ ናት። ወረቀቱን ሳነብላት “ደግ አድርገዋል፣ ዘግይተውም ቢሆን” አለች። እዚህ ላይ ያቀረብኩት ምስጋና የእውነት ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጡትን ግን እንደ አመጣጣቸው ይቀበሉልኝ።

2ኛ. ፕሮግራሞቹን ከአዘጋጆቻቸው ድረ ገጽ ማውረድ ለሕዝቡ ይከብዳል ብላችሁ በማሰብ በአንድ ፍላሽ ጭናችሁ ከቤት ወደ ቤት ስላዞራችሁልን እናመሰግናለን። ፍላሹ እንዳይጠፋ በቀይ ገመድ ከአንድ ቁራጭ እንጨት ጋር ታስሯል፤ የመሥሪያ ቤት መጸዳጃ ቁልፍ እንዲህ ታስሮ አይቻለሁ፣ ያንንም ሰው ሁሉ ይነካዋል። ወደ እኛ የመጣው አርባ ሦስት ቤቶችን፣ ማለትም አርባ ሦስት ኮምፒውተሮችን ጎብኝቶ ነው። የእርስዎው በራሪ ወረቀት በሦስተኛው መስመር “ከየት እንደመጣ የማያውቁትን ፍላሽ አይሰኩ” ይላል። ወረቀቱን የጻፈውና ፍላሹን የላከው ክፍል በአንድ ኮሪደር ላይ እንደሚገኙ ሰምቻለሁ፤ ሰላም የሚባባሉ ግን አይመስለኝም። እኅቴ በትሕትና አመስግና ሳትሰካው መለሰችው። በመዝገባችሁ ላይ “ለመተባበር ፈቃደኛ ያልሆነች” ተብላ የሰፈረችው ያን ዕለት ነው።

3ኛ. በሳምንቱ አንድ የቁጥጥር ባለሙያ ከሁለት ታዛቢዎች ጋር ስለላካችሁልን ክብር ተሰምቶናል። እኅቴ ስክሪን ስለማይጠቅማት አጥፍታ ነው የምትሠራው፤ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብላት፣ እሱም በነፃ የተገኘ፣ ፕሮግራም አላት። ባለሙያው ጥቁሩን ስክሪን አይተው “ይሄማ ሞቷል” አሉ። “ለእኔ ቢሞትም ቢድንም ያው ነው” አለቻቸው፤ ቀልዷ ነበር፤ የሳቀላት የለም። ከዚያም ሳይጠይቁ ያን ባለ ቀይ ገመድ ፍላሽ ሰኩት። በራሪ ወረቀታችሁ ላይ አንደኛ ሆኖ የተመዘገበው አንቲቫይረስ ወዲያው ፈተሸው፤ አንባቢው ፕሮግራምም የተጻፈውን በጠራ የሴት ድምፅ አነበበ፦ ማስጠንቀቂያ፤ ሦስት አደገኛ ፋይሎች ተገኝተዋል፤ መሣሪያው ታግዷል።

ባለሙያው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው “ማን ነው የተናገረው?” ሲሉ ጠየቁ። እኅቴ ስለ አንባቢው ፕሮግራም ረጋ ብላ አስረዳቻቸው፤ ያነበበውም የራሳቸውን ፍላሽ እንደሆነ ጨመረችላቸው። ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። ግን ነርሷ ከበሩ ላይ ሆነው “ውይ፣ እንግዳው ራሱ ነው የታመመው!” ብለው ሳቁ፤ ታዛቢዎቹም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። በሰው ፊት የተሳቀበት ሰው የሚጽፈው ሪፖርት ምን እንደሚመስል ክቡርነትዎ በሥራ ዘመንዎ ሳያዩ አልቀሩም። ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፦ “ኮምፒውተሩ በሚናገር ቫይረስ የተጠቃ ሲሆን፣ በምስክሮች ፊት የጽሕፈት ቤቱን ንብረት ስም አጥፍቷል።” ሰው በስም ማጥፋት ሲከሰስ አውቃለሁ፤ ኮምፒውተር ሲከሰስ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባል ነገር አለ፤ በዚህኛው ለቀማ ኩበቱን ይዘው የመጡት ራሳቸው ለቃሚዎቹ ናቸው።

4ኛ. ኮምፒውተሯን ለምርመራ ስትወስዱ የመጠባበቂያ ቅጂው ያለበትን ዲስክም በዚያው ማዳበሪያ ውስጥ ጨምራችሁ ስለወሰዳችሁ፣ ለጥንቃቄያችሁ አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው። በራሪ ወረቀቱ “ቅጂ ያስቀምጡ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል” ይላል፤ እኅቴም አስቀምጣ ነበር። አሁን ራሷን የምትወቅሰው አንድ ሌላ ቅጂ እኔ ቤት ባለማኖሯ ነው። “እሳትንም አስቤ ነበር፣ ሌባንም አስቤ ነበር፤ ጽሕፈት ቤት ግን በሐሳቤ ውል አላለም” ትላለች።

5ኛ. ኮምፒውተሯን ለማስመለስ የሚሞላው ፎርም በሦስት ቅጂ ነው። ሰባተኛው ረድፍ የባለቤቱን የይለፍ ቃል በሚነበብ የእጅ ጽሑፍ ይጠይቃል። መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ ጨዋ ልጅ ናት፤ “እትዬ፣ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ባዶ ረድፍ ላይ ማኅተም አይመታም ተብለን ነው” ብላ አስረድታናለች። ጠረጴዛዋ ላይ የተቆለሉት ፎርሞች ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ስለነበር፣ ሳልፈልግ፣ እንደ እኛው ኮምፒውተሩ ተወስዶ የተመለሰለትን የልብስ ሰፊውን የይለፍ ቃል አነበብኩት፤ የልጁ ስምና የተወለደችበት ዓመት ነው። የዚያኑ ቀን ቶሎ እንዲለውጠው ነገርኩት። “እንዴት አድርጌ? ከለወጥኩትማ እንደገና በሦስት ቅጂ ላስመዘግብ ነው” አለኝ። እኅቴ ግን ረድፉን ባዶ ትታዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ለጎረቤት “የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ፣ ለእኔም ጭምር” ስትል ኖራ፣ ማኅተም ሲያዩ ይሰጣል ብላ ልታስተምር አልቻለችም። እኔ በበኩሌ፣ ልጆቹን አስቤ፣ ጽፈሽ ገላግይን ብያታለሁ፤ ይህንንም አልደብቅዎትም። ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም።

6ኛ. አራት ጊዜ ተመላልሰናል። በመጀመሪያው ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ከስብሰባው አልተመለሱም። በሦስተኛው ኮምፒውተሯ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ እየመታት፣ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦባት አየሁ፤ ማሰሮው ውኃ ጠጥቶ ነበር፣ ስለ አበባው ጤንነት ደስ ብሎኛል። በአራተኛው ምርመራው ለምን እንዳልተጀመረ ተነገረን፤ ሲከፍቷት ስለምትናገር ሠራተኞቹን ትረብሻለች፣ ስለዚህ መናገር እስክታቆም ድረስ አትከፈትም። ሳትከፈት መናገር እንደማትችል፣ ተከፍታም መናገር እንደማትተው ላስረዳ ሞከርኩ። ሠራተኛዋ አዘነችልኝ፤ ሀዘኔታዋን ግን የምታሰፍርበት ረድፍ ፎርሙ ላይ አልነበረም።

ስለዚህ፣ ክቡር ኃላፊ፣ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ይቅርታ አልጠይቅም፤ የኪሳራ ካሣም አልጠይቅም፤ ሪፖርቱም ይታረምልኝ አልልም፤ ለታሪክ ይቀመጥ። ኮምፒውተሯና ዲስኩ ብቻ፣ ሰባተኛው ረድፍ ባዶ እንደሆነ፣ ከአሥራ ስምንቱ ቀን ውስጥ ቢዘገይ አሥሩ ሳያልቅ ይመለሱልን። ማተሚያው አሥራ አንዱን ልጆች ለማዳረስ አንድ ሳምንት ይፈልጋል። ባለሙያው የይለፍ ቃሉ ሳይነገራቸው ምርመራውን ማድረግ ከፈለጉ፣ እኅቴ ቢሮዎ ድረስ መጥታ ራሷ ልትከፍትላቸውና እያንዳንዱን ፕሮግራም ልታሳያቸው ፈቃደኛ ናት። እግረ መንገዷንም፣ ከጠየቋት፣ ፍላሹን እንዴት እንደሚያጸዱት ታሳያቸዋለች፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው።

ለዜጎች ደህንነት እንቅልፍ ያጣውን ጽሕፈት ቤትዎን እንቅልፍ እንዲወስደው፣ ለጥቂት ቀናትም ቢሆን፣ ከልብ እየተመኘሁ፣ ባለማቋረጥ ስለሚያደርጉልን ጥበቃ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የዓይነ ስውሯ ወንድም፣ አርባ አራተኛው ቤት

ማሳሰቢያ፦ እኅቴ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የልጅነት ስሌቷንና ስታይለሷን፣ ማለትም የብሬል መጻፊያ ሰሌዳዋንና የነጥብ መውጊያዋን፣ ከሣጥን አውጥታ የሒሳቡን መጽሐፍ እንደገና፣ ከአሥር ዓመት ወዲህ ባልሠራችበት መንገድ፣ ነጥብ በነጥብ በእጇ መውጋት ጀምራለች። እስከ ዛሬ ሠላሳ አንድ ገጽ፣ አንድ ቅጂ ብቻ፣ አጠናቃለች፤ መጽሐፉ አራት መቶ ገጽ ነው፤ አውራ ጣቷም አብጧል። የመጀመሪያውን ገጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁ። ምን እንደሚል ማወቅ ከፈለጉ ከአሥራ አንዱ ልጆች ማንኛውንም ያስጠሩ፤ በጣቱ ያነብልዎታል። ሌላ የሚነበብ ስለሌላቸው ጊዜ አላቸው።